ልጅ ለማግኘት የተሳልኩት ስእለት ከልጄ ቢያርቀኝስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከተጋባን በኋላ ስድስት ዓመት ልጅ ሳንወልድ ቆይተን ነበር። ያን ጊዜ «ልጅ ብትሰጠኝ ዕድሜ ልኬን በመዝሙር አገለግልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ። እግዚአብሔር ሰማኝ፤ ዛሬ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የሰባት ወር ወንድ ልጅ አሉኝ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የመዝሙር ክፍል አገለግላለሁ፣ በገናም እየተማርኩ ነው። ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ነው። ባለቤቴ «ለቤትህ እንግዳ ሆንክ» ትለኛለች። እውነቱን ልናገርና ዜማ በጣም እወዳለሁ፤ ስዘምር ሌላው ሁሉ ይረሳኛል። አገልግሎቴን ብቀንስ ስእለቴን ማፍረስ ይሆንብኛል? በገናንስ ከዐቢይ ጾም ውጭ ቤት ውስጥ መደርደር ይቻላል? ልጄም አውታሩን እየነካካች አስቸግራኛለች።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ልጆችዎን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልዎ። የሚያስጨንቅዎ ስእለቱ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር።

ተስሎ ልጅ ማግኘት ሲነሣ ቀድማ የምትታወሰን ሐና ናት። የተሳለችው ልጁን ራሱን ነው፤ ከዚህ የሚከብድ ስእለት የለም። ነገር ግን ሳሙኤል ከተወለደ በኋላ ሕልቃና ቤተ ሰቡን ይዞ እንደ ልማዱ ወደ ሴሎ ሲወጣ ሐና አልወጣችም። ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ ቤቷ ተቀመጠች፤ ባሏም «ደስ ያለሽን አድርጊ» ብሎ ፈቀደላት (1ኛ ሳሙ. 1፥22-23)። ስእለቷን አላፈረሰችም፤ ጊዜውን ጠበቀች እንጂ። በዚያው በሴሎ የነበረው ካህኑ ዔሊ ደግሞ ከመቅደሱ ሳይለይ የኖረ ሰው ነው፤ የተፈረደበት ግን ልጆቹ ሲበድሉ እያወቀ ባለመከልከሉ ነው (1ኛ ሳሙ. 3፥13)። ለወላጅ አገልጋይ እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ማንበብ ይጠቅማል።

ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ ብለው የሚነፍጉትን ገሥጿቸዋል። እዚያ የተነፈጉት ወላጆች ናቸው፤ ነገሩ ግን ለልጅም ይሠራል። የሌላውን ድርሻ ወስዶ ለእግዚአብሔር መስጠት መባ አይሆንም።

የስእለትዎን ቃል እንደገና ይመልከቱት። የተሳሉት በመዝሙር ለማገልገል ነው፤ ለማክሰኞና ለሐሙስ አልተሳሉም። ዕድሜ ልክ ደግሞ ረጅም ነው፤ የሰባት ወሩ ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባም ይቀጥላል። ይህ ማለት ግን ስእለቱን በገዛ ራስዎ ተርጉመው ያቅልሉት ማለት አይደለም። ወደ ንስሓ አባትዎ ይሂዱና ሦስት ነገር ሳይቀንሱ ይንገሯቸው፦ የተሳሉበትን ቃል እንዳለ፣ በሳምንት የሚሰጡትን ሰዓት፣ የባለቤትዎን ቅሬታ በእርሷው አነጋገር። ባለቤትዎ አብራዎት ብትሄድ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው አንዱ ብቻውን ሄዶ የተባለውን ቤት ሲያደርስ ነው፤ የንስሓ አባት ምክር መልእክት ሆኖ ሲመጣ ትእዛዝ ይመስላል።

አሁን ወደ ዜማ ፍቅርዎ። በግልጽ መጻፍዎ መልካም ነው። «ስዘምር ሌላው ሁሉ ይረሳኛል» ሲሉ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የሚጠቅስልዎ ሰው አይጠፋም፤ የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት በተመስጦ ሳይሰማው ቀረ ይባላልና። የፈሰሰው ግን የራሱ ደም ነው፤ የልጁ እንባ አይደለም። ባለ በገናው ዳዊትን ደግሞ ከሥር እስከ ጫፍ እናንብበው። መዝሙሩ ዛሬም ይጸለይበታል፤ ስለ ልጁ ስለ አዶንያስ የተጻፈው ግን አባቱ ከቶ «እንዲህ ለምን ታደርጋለህ?» ብሎ እንደማይከለክለው ነው (1ኛ ነገ. 1፥6)።

ራስዎን የሚመዝኑበት አንድ ጥያቄ አለ። የመዝሙር ክፍሉ «ከዛሬ ጀምሮ አይዘምሩም፤ በልምምድ ሰዓት የዘማርያኑን ልጆች ይጠብቁ» ቢልዎ፣ ያንኑ ያህል ሰዓት ይሰጣሉ? እሰጣለሁ ካሉ ሰዓቱ በእርግጥ የአገልግሎት ነው። ካመነቱ ግን ከፊሉ የእርስዎ ደስታ ነው ማለት ነው። ዜማ መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ ሆኖም ሰዓት መቀነስ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ የራስዎ ድርሻ ነው።

ሰዓቱን እንቁጠረው። ማክሰኞና ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ 4፣ እሑድ 3፤ መንገዱን ሳንጨምር 12 ሰዓት ነው። የአራት ዓመት ልጅ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብዙውን ጊዜ ተኝታለች። ስለዚህ በሁለቱ ቀናት ማታ ልጅዎ ነቅታ አታገኝዎትም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሲጨመር ባለቤትዎ ሁለቱን ልጆች ብቻዋን ይዛ ትውላለች። እኛ የምንመክረው ከሁለቱ የማታ ልምምዶች አንዱን ብቻ መያዝና ቅዳሜን ለቤት መልቀቅ ነው። ቢያንስ ትንሹ ልጅ ጡት እስኪተው፤ የሐናም ልክ ይኸው ነበር። ሐዋርያው ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ የሚለያዩት ተስማምተው ለጊዜው እንዲሆን አዝዟል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ለጸሎት ስምምነት ካስፈለገ ለልምምድማ እንዴት አያስፈልግ?

«ታዲያ ቅዳሜ ልጄን ይዣት ልሂድ» የሚል ሐሳብ ይመጣ ይሆናል። የሕፃናት ክፍል ትምህርት በዚያ ሰዓት ካለ ግሩም ነው፤ እርሷን እዚያ አስገብተው እስክትወጣ ድረስ ብቻ ይለማመዱ። ከሌለ ግን አራት ሰዓት ሙሉ ዝም ብላ እንድትቀመጥ አይጠብቁ። ትሰለቻለች፣ ትሮጣለች፣ እርስዎም «ዝም በይ» እያሉ ይውላሉ፤ እርሷም ቤተ ክርስቲያንን በቁጣ ታስታውሳለች።

ከሳምንቱ ሌላ የዓመቱም መርሐ ግብር አለ። ወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባ ቀን ነው፤ ከዚያ ልደትና ጥምቀት፣ ከዚያ 55 ቀን ዐቢይ ጾም ይከተላሉ። ለሁሉም ሙሉ ጊዜ መስጠት ለእርስዎ አይቻልም። መስከረም ሳይጠባ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው አንዱን ወይም ሁለቱን ይምረጡና ለክፍሉ ኃላፊ ቀድመው ያሳውቁ። ኃላፊን የሚያስቀይመው ሳይነግሩ መቅረት ነው፤ ቀድሞ የተነገረ ፈቃድ ብዙም አያስቸግርም።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ከቤተ ሰብዎ ጋር ይሁኑ። አንዲት እናት የሰባት ወር ልጅ ታቅፋ የአራት ዓመት ልጅ እጅ ይዛ ልጆቿን ማቁረብ እንዴት እንደሚከብዳት ያውቁታል። አንዱን ልጅ እርስዎ ታቅፈው ያቁርቡ።

ስለ በገናው፤ ከዐቢይ ጾም ውጭ አይደረደርም የሚል ሕግ የለም። በጾሙ መብዛቱ ድምፁ ለንስሓና ለተመስጦ ስለሚስማማ የመጣ ልማድ ነው። በገና እንደ ከበሮና ጸናጽል የማሕሌት መሣሪያም አይደለም፤ ቦታው ይልቁንም ቤትና የግል ጸሎት ነው። ስለዚህ ልጅ ላለው ሰው ከመዝሙር መሣሪያዎች ሁሉ የሚመቸው እርሱ ይመስለናል። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በሌላ ክፍል ቢደረደር አይቀሰቅስም።

ጀማሪን የሚያሸንፈው ጊዜ ማጣት ብቻ አይደለም፤ መቃኘትም ነው። ማታ 20 ደቂቃ አግኝተው 15ቱን መቃኛ ሲያዞሩ ይጨርሱታል። አዲስ አውታር እየተለጠጠ ቅኝቱ ይወርዳል፤ የአንጀት አውታርና የገበቴው (የድምፅ ሣጥኑ) ቆዳም እርጥበት ሲያገኙ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ዋናውን ቅኝት ቅዳሜ በቀን፣ ቤቱ ሲረጋጋ ይጨርሱት፤ በሥራ ቀን ማታ የወረደውን አውታር ብቻ ያስተካክሉ። አሥር አውታር ቢኖርም በጣት ሲደረደር ብዙውን ጊዜ ድምፅ የሚሰጡት አምስት ወይም ስድስቱ ናቸው፤ ሌሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። በሥራ ቀን ለእነዚያ አይድከሙ። ከዚያ አንዲት ስንኝ ብቻ አሥር ደቂቃ ይደጋግሙና በጸሎት ይዝጉ። መሐል ላይ ሕፃኑ ካለቀሰ በገናውን ያስቀምጡና ይነሡ። ባለቤትዎ እንድትነሣ መጠበቅ ጸሎቱን ልምምድ ብቻ ያደርገዋል።

ልጅዎ አውታር ስትነካ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አውታሩ ሳይሆን እንዚራው ነው። እንዚራ በአውታሩና በበርኩማው (አውታሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ) መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት፤ የበገናው ድምፅ የሚነዝረው እርሷ በቦታዋ ስትሆን ነው። ትንሽ ፈቀቅ ካለች ድምፁ ይደፈናል፤ ብዙ ጀማሪም ቅኝቱ የጠፋ መስሎት መቃኛውን በከንቱ ያዞራል። ድምፅ ሲደፈን መጀመሪያ እንዚራዋን ይመልከቱ፤ መንዘር እስክትጀምር ድረስ ቀስ እያሉ ወደፊትና ወደኋላ ይግፏት። በገናውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አይተዉት፤ የሚድኸው ሕፃን ስቦ በላዩ ላይ ሊጥለው ይችላል። በጠንካራ ማንጠልጠያ ላይ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ይስቀሉት፤ ከፀሐይና ከምድጃ እንፋሎትም ያርቁት።

ሆኖም ፈጽሞ አትንኪ ብቻ አይበሏት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእንዚራ ማስተካከያው በፊት፣ እቅፍዎ ውስጥ አስቀምጠው በአንድ ጣቷ አንድ አውታር ትምታ፤ ድምፁ ጸጥ እስኪል አብራችሁ አዳምጡ። ማታ ከመኝታ በፊት ደግሞ ያለ በገና፣ በጭብጨባ፣ በሳምንት ሁለት ስንኝ ያስተምሯት። እርስዎ ከሚወዱት ረጅም መዝሙር ሳይሆን ከሕፃናት መዝሙር ይሁን፤ ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ከፍ አድርገው ይጀምሩላት። ኦሪት ዘዳግም 6፥7 ቃሉን ለልጆችህ አስተምር ሲል አማርኛው በቤትህ ስትቀመጥ፣ ስትተኛም ስትነሣም «ተጫወተው» ይላል። ማውጋት ማለቱ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ባለችበት ቤት ግን እንደ ቃሉ ቢወሰድም አያስከፋም። ኤማን የተባለው የንጉሡ የዳዊት ዘማሪም አሥራ አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ከአባታቸው እጅ በታች በእግዚአብሔር ቤት ይዘምሩ እንደነበር ተጽፏል (1ኛ ዜና 25፥5-6)።

የሚቀሩበት ልምምድ እንዳያመልጥዎ አንድ ዘማሪ በስልኩ ቀድቶ በቴሌግራም እንዲልክልዎ ይጠይቁና በማግስቱ ወደ ሥራ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያድምጡት። ቤት በሚውሉበት ማክሰኞ ማታ ግን ከ12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ስልኩ ይጠፋ።