«አፏ ከዘፈኑ ጋር አይሄድም» ስላሉሽ ብቻ ታይምላይኑን አትንኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የ4 ደቂቃ የመመረቂያ የሙዚቃ ክሊፕ ሠርታችሁ ለ18 ሰው አሳይታችኋል፤ ማስረከቢያው 2 ሳምንት ቀርቶታል። ከፊሉ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ከፊሉ ስለ ዘፋኟ «አፏ ከዘፈኑ ጋር አይሄድም»፣ ሌላው «ጨለማ ነው»፣ ሌላው «መሀሉ ይሰለቻል»፤ አንቺም «የቱን ልስማ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት መልሰው «ሁሉንም ተቀብለሽ አስተካክይ» ባሉሽ አልስማማም። ደህና የነበረ ክሊፕ የሚበላሸው እንደዚያ ነው። በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. ከእያንዳንዱ አስተያየት ጎን ሰውየው በምን እንዳየው ጻፊ። በስልክ ነው በላፕቶፕ? በስልኩ ድምፅ፣ በገመድ ማዳመጫ ወይስ በብሉቱዝ ስፒከር? በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ከላክሽለት ያየው የተጨመቀውን ነው፤ ጥላ ያለበት ቦታና ጥቁር ፀጉር ተደፍጥጦ አንድ ላይ ይጠቁራል። እንደ ፋይል ላኪለትና የስልኩን ብርሃን ከፍ አድርጎ ድጋሚ ይየው። «ጨለማ ነው» ካሉሽ ሰዎች ግማሹ ያኔ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

2. «አፏ አይሄድም» የሚለው። እዚህ ላይ እንቆይ፤ በዚህ አስተያየት የተነሳ ሙሉ ታይምላይን (በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ምስሉና ድምፁ የተደረደሩበትን መስመር) የሚያንሸራትት ተማሪ ብዙ ነው፣ ኪሳራውም ከሁሉም ይከፋል። ብሉቱዝ ስፒከር ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በተቀረጸ ክሊፕ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ፣ የ200 መዘግየት 5 ፍሬም ማለት ነው። ያንን «ለማስተካከል» ዘፈኑን 5 ፍሬም ወደ ግራ ሳብሽው እንበል። በብሉቱዝ ሲታይ ልክ ይመጣል። አዳራሹ ውስጥ በገመድ ሲከፈት ግን ድምፁ ከከንፈሯ 5 ፍሬም ይቀድማል፣ ይህ ደግሞ ከመዘግየት ይብሳል። መብረቁን አይተን ነጎድጓዱን ቆይተን መስማት ለምደናል፤ ድምፅ ቀድሞ ሲመጣ ግን ወዲያው ይታወቀናል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለብሮድካስት ያወጣው ምክረ ሐሳብ እንደሚለው፣ ሰው መዛባቱን ማስተዋል የሚጀምርበት ወሰን ድምፅ ሲቀድም 45 ሚሊ ሰከንድ፣ ሲዘገይ 125 ነው። ሲቀድም አንድ ፍሬም ከምናምን ብቻ ነው ያለሽ።

ስለዚህ በገመድ ማዳመጫ ቁጭ ብለሽ ፍሬም በፍሬም እይው። የት እንደምታዪ ልንገርሽ፦ «መ»፣ «በ» እና «ጰ» ሲባሉ ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ፤ «ፈ» ላይ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። «ከ» እና «ገ» ጉሮሮ አካባቢ ስለሚያልቁ አይረዱሽም። ከመጀመሪያው ስንኝ፣ ከመሀል አዝማችና ከመጨረሻው ስንኝ እንዲህ ያለ ቃል መርጠሽ ከንፈሯ የገጠመበትን ፍሬም ከድምፁ ጋር አስተያዪ።

ሦስቱም ቦታ ላይ በእኩል ፍሬም ከተዛባ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኤዲት የጀመራችሁት ስቱዲዮው መጀመሪያ በላከው ኤምፒ3 ሆኖ ኋላ ዋቭ ማስተሩ (ያልተጨመቀው የመጨረሻ የድምፅ ፋይል) ሲመጣ በላዩ መተካታችሁ ነው። ኤምፒ3 ሲሠራ መነሻው ላይ ትንሽ ባዶ ድምፅ ይጨመራል፤ የማስተሩ መግቢያ ዝምታም ሊለያይ ይችላል። ሁለቱን አንዱን ከአንዱ በታች አስቀምጠሽ የመጀመሪያውን የከበሮ ምት ሞገድ አጋጥሚ፣ አለቀ። መጀመሪያው ልክ ሆኖ እየሄደ የሚሰፋ ከሆነ ግን ማንሸራተት አያድንሽም፤ በስልክ ተቀርጾ የፍሬሙ ፍጥነት ተለዋዋጭ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ጥሬውን ቪዲዮ በሃንድብሬክ (ነፃ የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ነው) ወደ ቋሚ ፍሬም ቀይረሽ መልሰሽ አስገቢ፣ በተቀረጸበት ቁጥር (30 ከነበረ 30፣ ወደ 25 አትጎትቺው፣ ይንቀጠቀጣል)። አንድ ሁለት ሾት ላይ ብቻ ከሆነ ዘፋኟ ቃሉን ዘግይታ ነው የያዘችው፤ ያንን ሾት ብቻ 2 ወይም 3 ፍሬም ግፊው፣ ካልሆነ በእጇ ወይም በመሣሪያ ተጫዋቹ ሾት ሸፍኚው።

ወደ «ጨለማ ነው» ስመለስ፣ በፋይል ልከሽም የሚሉሽ ካሉ ፊቷ ነው የጠቆረው። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ በጠራራ ፀሐይ ከተቀረጸች ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊቷም ይጠቁራል። ሙሉ ምስሉን ካነሳሽው ጥለቱና የቀሚሱ ሽመና ይጠፋል፤ ፊቷን ብቻ በማስክ ከልለሽ መካከለኛውን ብርሃን አንሺ። የምትደግሙት ሾት ካለ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ውጡ፣ ነጭ ካርቶን ከፊቷ በታች ያዙላት፣ የብርሃኑን መጠንም በፊቷ ለኩ። «ቤት ውስጥ ያለው ይርገበገባል» ያለሽ ሰው ካለ ደግሞ ትክክል ነው፣ ስሚው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የካሜራው ሹተር ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ መሆን ነበረበት። የዳቪንቺ ሪዞልቭ (የኤዲቲንግ ፕሮግራም) የሚከፈልበት ስሪት ማስተካከያ አለው፤ ከሌለሽ ያቺን ሾት መድገም ይቀላል።

«መሀሉ ይሰለቻል» እውነተኛው ሥራ ያለበት ነው፣ ግን ሰው የሚነግርሽ የሰለቸበትን ደቂቃ እንጂ ያሰለቸውን ምክንያት አይደለም። 2:10 ላይ ስልኩን ያነሳ ሰው ችግሩ 1:40 ላይ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ሄደሽ ቁጠሪ፦ አንዱ ቦታና አንዱ ልብስ ለስንተኛ ጊዜ ታየ? ሁለተኛው ስንኝ ከአንደኛው የተለየ ምን አዲስ ነገር አመጣ? ብዙ ተማሪ ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ይጨርሳል። ሁለተኛውን ቦታ ከመጀመሪያው ስንኝ አውጪና ለሁለተኛው አቆይው፤ አዲስ ቀረጻ አያስፈልገውም። «ፈጠን አድርጊው» ስላሉሽ ግን ካት አታብዢ። በተለይ ዘፈናችሁ ችክችካ ከሆነ በየምቱ መቁረጥ እስክስታውን ይገድለዋል። «ጭፈራው አይታይም» የሚሉት ለዚህ ነው። ከወገብ በላይ፣ ካሜራው ቆሞ፣ ትከሻው ሳይቋረጥ 3 ወይም 4 ሰከንድ ይታይ። ስሎሞሽንም አታድርጊበት፣ ትከሻው ከምቱ ይወጣል።

«ድሮን ጨምሩበት» የሚለውን እለፊው። «የኔ ፊት ብዙ አይታይም» የሚል የዘፋኝ አስተያየትም የባለጉዳይ አስተያየት ነውና ከተመልካቹ ጋር አትቁጠሪው። አለባበሱን ወይም አጨፋፈሩን «ይህ የወሎ አይደለም»፣ «የጎጃም እንዲህ አይጨፈርም» ብሎ የሚያርም የአካባቢው ሰው ካለ ግን አንድም ቢሆን ከ17ቱ ይበልጣል፤ ከርእሱ ጋር የሚጋጭ ሾት ካለ አውጪው።

ሁለተኛውን ቅጂ ላላዩ ሰዎች አሳዪ፣ 5 ወይም 6 ይበቃሉ፣ ከክፍላችሁ ውጪ የሆኑ፣ አንድ ሁለት ትልልቅ ሰዎችም ይኑሩ። አንዴ ሳይቆም ይዩት፣ አንቺ ጎን ተቀምጠሽ ዓይናቸው ከስክሪኑ የተነሳበትን ደቂቃ ጻፊ፣ ምንም አታብራሪ። «እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ «አሪፍ ነው» ብቻ ነው የምታገኚው፤ ይሉኝታ ነው፣ አትፍረጂባቸው። «ስለምንድን ነው?»፣ «የቱ ትዝ ይልሃል?»፣ «የት ላይ ሐሳብህ ሄደ?» በያቸው። ሦስት ሰው እርስ በርስ ሳይነጋገር ያንኑ ደቂቃ ከጠራ፣ ያ ደቂቃ መስተካከል አለበት።

ዩቲዩብ ላይ በይፋ አትልቀቁት ገና። ከተጫነ በኋላ መቁረጥ እንጂ በዚያው ሊንክ ፋይሉን መተካት አይቻልም። የመጀመሪያውን ቅጂ አታጥፊው፣ የቀየርሽውንም ያልተቀበልሽውንም ከነምክንያቱ በሰንጠረዥ ያዢ፤ ፈታኞች «ለምን አልቀየራችሁትም?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ እዚያ ነው። ከማስረከቢያው አንድ ቀን ቀድመሽ የድምፅ ገመድ ይዘሽ አዳራሹ ሂጂና በዚያው ፕሮጀክተርና ስፒከር ክፈቺው። ስፒከሩ በብሉቱዝ የተያያዘ ከሆነ በገመድ እንዲቀይሩልሽ ያኔውኑ ጠይቂ፤ ቢያጉረመርሙም ሳይቀይሩ አትውጪ።