«ቡድኑን ልተወው ወይ?» ብሎ ለጠየቀኝ ልጅና ለእኩዮቹ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ የአገራችን ልጅ፣ «ጋሼ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለፉትቦል ቡድኑ ሊወስደኝ ስኮላርሺፕ አቅርቦልኛል፤ አባቴ ግን ይህን ነገር ተውና ምህንድስናህን ተማር ይለኛል፤ እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ሲል ጻፈልኝ። ኳሱን በእጅ ይዘው እየተጋጩ ስለሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል አጨዋወት የማውቀው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በተማሪነቴ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየደረደርኩ ስለሠራሁ፣ የዚያን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ታሪክ ከብዙ ደጋፊዎች የተሻለ አውቀዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዩኒቨርሲቲው በ1892 ማስተማር ሲጀምር፣ ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ዬል ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያስተማረውን አሞስ አሎንዞ ስታግን አሰልጣኝ አድርጎ አመጣው፤ የመምህርነት ማዕረግና ቋሚ የሥራ ዋስትናም ሰጠው። አዲስ ተቋም ስም ያስፈልገዋል፤ ስምን ደግሞ ከላቦራቶሪ ይልቅ ሜዳ ፈጥኖ ያመጣል። ቡድኑ በ1896 ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለውን የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ1905 ደግሞ 56 ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣውን ሚሺጋንን 2 ለ 0 አሸነፈ። ስታግ አርባ ዓመት አሠልጥኖ ሰባ ዓመት ሲሞላው በጡረታ ተሰናበተ። እሱ ግን መሥራት ይፈልግ ስለነበር ካሊፎርኒያ ሄዶ ማሠልጠኑን ቀጠለ፤ ዕድሜ ሰጥቶትም 102 ዓመት ኖረ።

በ1935 የዚሁ ቡድን ተጫዋች ጄይ በርዋንገር በኋላ የሃይዝማን ዋንጫ የተባለውን የምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሽልማት ከማንም ቀድሞ ተቀበለ፤ በቀጣዩም ዓመት በመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ሊግ ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በተራ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ አንደኛ ተመረጠ። ሆኖም በደመወዝ ስላልተስማማ አንድ ቀን እንኳ በፕሮፌሽናልነት አልተጫወተም፤ የጎማ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ገባ፣ ኋላም የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ። ዋንጫውን አክስቱ ለበር ማቆሚያ ትጠቀምበት ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ለጥፋችሁ ስንት ሰው እንዳየላችሁ በየሰዓቱ ስትቆጥሩ ሳይ፣ ይህች ሴትዮ ትዝ ትለኛለች።

ከበርዋንገር በኋላ ነገሩ ቁልቁል ወረደ። ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ሜናርድ ሀቺንስ ትምህርቱን አጠበቀው፤ ለተጫዋች ተብሎ የሚቀል ፈተና አልነበረም፤ አብዛኞቹ ተጋጣሚዎቹ ግን ብዙ ሺህ ተማሪ ያላቸውና ተጫዋች ከየአገሩ የሚያሰባስቡ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። በ1939 ቡድኑ በሚሺጋን 85 ለ 0፣ በሃርቫርድ 61 ለ 0፣ በኦሃዮ ስቴትም እንዲሁ 61 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የባለአደራዎቹ ቦርድ ቡድኑ እንዲቀር ወሰነ። ጥፋቱ የአሰልጣኙ እንዳልነበረ ለማወቅ ብዙ መቆየት አላስፈለገም፤ ከስታግ በኋላ ቡድኑን የያዘው ክላርክ ሾነሲ በማግስቱ ዓመት ስታንፎርድ ሄዶ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨረሰ። ባዶ በቀረው ስታዲየም የምዕራብ መቀመጫዎች ሥር በነበረ የስኳሽ መጫወቻ ክፍል ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 የመጀመሪያውን ራሱን የሚያስቀጥል የኑክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ አስነሡ። ስታዲየሙ ፈርሶ በ1970 በቦታው የተከፈተው ሬገንስታይን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እኔ ጋሪ የገፋሁት እዚያ ነው።

አንድ የመከር ቅዳሜ ረጅም ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ወደ መደርደሪያዎቹ መካከል መጡና ምዕራቡ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። መጽሐፍ የሚፈልጉ መስሎኝ የመለያ ቁጥሩን ስጠይቃቸው ሳቁ። በ1939ኙ ቡድን ተጠባባቂ ተጫዋች እንደነበሩ ነገሩኝ። የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት ተሰብሮ ተጣሞ የዳነ ነበር፤ በዚያው ጣት የብረቱን መደርደሪያ ጠርዝ እየነኩ በዝግታ ይራመዳሉ፤ ልክ መሬቱን የሚለኩ ይመስል እየቆሙ ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። ከዚያም እኔ ጋሪዬን እንደያዝኩ ያወሩኝ ጀመር። ውሳኔው ሲሰማ ለገና እረፍት ወላጆቻቸው ቤት ነበሩ። እናታቸው ልጄ ከአንገት ስብራት ዳነ ብለው ከደስታቸው ብዛት አለቀሱ። «እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ እስኪመሽ ድረስ እንጨት ፈለጥኩ፤ እንጨት ግን አላለቀብንም ነበር» አሉኝ።

ኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በጥብቅና ኖረዋል። ጥሩ ሕይወት እንደነበራቸው ከጫማቸውም ከአነጋገራቸውም ይታወቃል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ድምፅ የሚሰጡት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ቡድኑ ይቅር ይሉ ነበር ወይ? አልጠየቅኋቸውም። ታላቅን በጥያቄ ማፋጠጥ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ደሴ አባቴ ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጅ ውሃ ያስታጥባል እንጂ አፉን አይከፍትም። እናቴ እንዲያውም በዓይኗ ብቻ ከክፍል ታስወጣን ነበር። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ነክተው አመሰገኑኝና ሄዱ። ያንን መልስ ከሚያውቅ ሰው አፍ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ለዚህ ልጅ የምለው ከልቤ እርግጠኛ የሆንኩበት በሆነ ነበር። ስለ ድፍረታችሁ ብዙ ጊዜ የማማችሁ እኔ፣ በዚህ በኩል ግን እናንተ ከኛ ትሻላላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ።

የራሴ አስተያየት ሀቺንስ ልክ ነበር የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ነው የተቋቋመው፤ ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ከተፈቀደ በኋላማ፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወኪል ጋር ሲደራደር እየሰማን ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር መደበቅ አልችልም፤ ቺካጎ በ1969 ቡድኑን ለስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት ደረጃ መልሶ አቋቁሟል፤ የኬሚስትሪ ፈተናውን ጨርሶ ኮፍያውን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጥ ተማሪ ባየሁ ቁጥር፣ እነዚያ ሠላሳ ዓመታት ያለ ምክንያት የባከኑ ይመስለኛል። ሁለቱንም አምናለሁ፤ እንዴት እንደሚታረቁ አላውቅም።

ስለዚህ ልጄ፣ አጥና፣ በጊዜ ተኛ እያልኩ አላደክምህም፤ እሱን እናትህ ትበቃለች። አባትህ የሚፈራው ውጤትህን ብቻ አይምሰልህ፤ በግጭት የሚጎዳውን ጭንቅላትህንም ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው፤ ስለዚህ አብራችሁ ሐኪም አነጋግሩ። አርባ ዓመት ያገለገለው ስታግ በዕድሜው ተሰናብቷል፣ የሃይዝማን ዋንጫ ያስገኘው ቡድን በአንድ ስብሰባ ቀርቷል፤ ተቋም የሚወድህ እስከሚፈልግህ ድረስ ነውና አንተም ሒሳብህን ቀድመህ ሥራ። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ ነው ወይስ ለአራት ዓመት የተሰጠ? ጉልበትህ ቢጎዳ ወይም አሰልጣኙ ቢቀየር ይቀጥላል? የልምምዱ ሰዓት ከምህንድስናው ላቦራቶሪ ጋር ይጋጫል? ባለፉት ዓመታት ከቡድኑ ውስጥ ምህንድስና ጀምረው የጨረሱት ስንት ናቸው? መልሱን በቃል አትቀበል፤ በጽሑፍ ይስጡህ። ደብዳቤው እጅህ ሲገባ ከመፈረምህ በፊት ላክልኝ፤ ከአባትህ ጋር ሆነን እናነበዋለን።