ዳኞቹን ሳይሰሙ ዣንን መረዳት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ የትያትር ክበቡንም እመራለሁ። ዘንድሮ ከተማሪዎቼ ጋር በርናርድ ሾው ስለ ዣን ዳርክ የጻፈውን ታሪካዊ ተውኔት እያጠናን ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ገድል ሲነበብ እየሰሙ ያደጉ ናቸው። ደራሲው የቅድስቲቱን ፈራጆች አስተዋይና ቅን አድርጎ ማቅረቡ በጣም አስቆጥቷቸዋል። ተውኔቱ ከታሪኩ ጋር ምን ያህል ይስማማል? ጊዜ ስለሚያጥረንስ የመጨረሻውን ትዕይንት ብንተወው ጉዳት አለው?

መልስ፦ የተማሪዎችዎ ቁጣ ከጥሩ ንባብ የመነጨ ስለሆነ እንዲያፍኑት አልመክርዎትም። ገድል የሚያዳምጥ ሰው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ከጻድቁ ጎን ይቆማል፤ በሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ በንጉሡ ሸንጎ ፊት የቀረበችው የወለተ ጴጥሮስ ገድል እውነቱ ከማን ዘንድ እንዳለ ለአፍታም አያጠራጥርም። የሾው ተውኔት ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። የተጻፈው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዣንን ቅድስት ብላ ካወጀች ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1923 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ንጽሕናዋ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ደራሲውን ያስጨነቀው ሕግ የሚያውቁ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ንጹሕ ሴት ወደ እሳት ሊልኩ የቻሉበት መንገድ ነው። ፈራጆቹ ክፉዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ባለቀ ነበር።

የታሪኩ ዋና ዋና ነጥቦች በተውኔቱ ውስጥ ተጠብቀዋል። በፈረንሳይ የዶምሬሚ መንደር የገበሬ ልጅ የነበረችው ዣን በ1429 እ.ኤ.አ. የኦርሌያን ከተማ ከእንግሊዞች ከበባ ነፃ ስትወጣ ከጦሩ ጋር ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 7ኛ በራንስ ዘውድ ሲጭን በአጠገቡ ቆማለች። በግንቦት 1430 በኮምፒዬኝ የእንግሊዞች ወዳጆች የነበሩት ቡርጎኞች ማረኳት፤ ለእንግሊዞችም በገንዘብ ሸጧት። በ1431 በሩዋን ከተማ በመናፍቅነት ተከስሳ ግንቦት 30 ቀን፣ ገና 19 ዓመት ገደማ ሳለች፣ በእሳት ተቃጠለች። ሾው ግን ወራት የፈጀውን ሙግት በአንድ ትዕይንት አጠቃልሎታል። በታሪኩ ዣን ግንቦት 24 በሕዝብ ፊት ቀድሞ ያለችውን የምትክድበትን ቃል ከተቀበለች በኋላ በወኅኒ ቤት የተከለከለችውን የወንድ ልብስ እንደገና ለብሳ ተገኘች፤ ፍርዱም በዚያ ተፈጸመባት። በተውኔቱ ግን ዕድሜ ልክ እንደምትታሰር በሰማች ጊዜ የፈረመችበትን ወረቀት ቀዳ ትጥለዋለች።

ልጆቹ ደራሲውን ሊሞግቱት የሚገባው ሙግቱን በመራው በጳጳሱ በኮሾን ጉዳይ ይመስለኛል። እውነተኛው ሙግት የከፋ ግድፈት ነበረበት፤ ተከሳሿ በቤተ ክርስቲያን ሕግ በምትታይበት ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን እስር ቤት መቆየት ሲገባት በእንግሊዝ ወታደሮች ጥበቃ ሥር፣ በሰንሰለት ታስራ ቆይታለች። በ1456 እ.ኤ.አ. እንደገና የተሰየመው ችሎትም የቀድሞውን ፍርድ ሙሉ በሙሉ ሽሮታል። ሾው ኮሾንን ነፍሷን ለማዳን የሚለፋ ሰው አድርጎ ሲስለው ከዚህ ማስረጃ እየራቀ ነው። እኔ ይህን ለተውኔቱ ክርክር ሲል የከፈለው ዋጋ ነው እላለሁ፤ ተማሪዎችዎ ግን ዋጋው በዛ ቢሉ አይፈረድባቸውም።

በአንድ ስፍራ ላይ ግን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ እለምንዎታለሁ። ዳኞቹ ዣንን በእግዚአብሔር ጸጋ ውስጥ መሆኗን ታውቅ እንደሆነ ይጠይቋታል። «አዎን» ብትል ማንም ሰው ሊያውቀው የማይችለውን አውቃለሁ በማለት ትዕቢተኛ ትባላለች፤ «አይደለሁም» ብትል በራስዋ ላይ ትመሰክራለች። እርሷም ካልሆንኩ እግዚአብሔር ወደዚያ ያድርሰኝ፣ ከሆንኩም በዚያው ያጽናኝ ስትል መለሰች። ይህን መልስ ሾው አልፈጠረውም፤ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ የተናገረችው ሆኖ በችሎቱ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በጎጃም ቅኔ ቤት ያደገ ተማሪ ይህ ቃል ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ለማስተዋል የማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለልምምድ የችሎቱን ትዕይንት በበላ ልበልሃ ሥርዓት እንዲያካሂዱት እመክራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ለዣን የተቆረቆሩት ልጆች ዳኛና ከሳሽ ሆነው ይቁሙ፤ የሃይማኖት መርማሪውን ረጅም ንግግርም አሽሟጣጭ ድምፅ ሳይጨምሩ፣ እንዳመኑበት አድርገው ያንብቡት። በማግስቱ ቦታ ይለዋወጡ። ከሳሽ ሆኖ የተሟገተ ልጅ ዣንን ሲጫወት የሚፈራው ነገር ይለወጣል፤ ንግግሩም ይለዝባል።

የመጨረሻውን ትዕይንት ግን አይተዉት። ተውኔቱ በወጣበት ጊዜም ይህ ትዕይንት ቢወጣ ይሻላል ያሉ ሐያስያን ነበሩ፤ ሾው በመግቢያው ላይ አጥብቆ ተከራክሮለታል። ትዕይንቱ በ1456 በሻርል ሕልም ውስጥ የሚሆን ነው፤ ያቃጠሏትና የካዷት ሁሉ ተራ በተራ ተንበርክከው ያወድሷታል። እርሷም «እንግዲያውስ በሕይወት ልመለስ?» ብላ ስትጠይቃቸው እያንዳንዳቸው ሰበብ እየሰጡ ይወጣሉ። የተማሪዎችዎ ቁጣ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲው ፈራጆቹን አክብሮ ሲያናግራቸው ቆይቶ ነጻ ሳይለቃቸው ቀርቷልና።

ጊዜ ካጠረዎት ዣን ሻርልን መጀመሪያ የምታገኝበትን የሺኖኑን ቤተ መንግሥት ትዕይንት በተራኪ ያሳጥሩት። በድንኳኑ ውስጥ ኮሾንና እንግሊዛዊው የዋርዊኩ መስፍን የሚነጋገሩበትን አራተኛውን ትዕይንት ግን አይንኩት፤ ዣን በመድረኩ ላይ ሳትኖር ዕጣዋ የሚቆረጠው እዚያ ነው።