ሣጥኑ ለምን ባዶ ሆነ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት የምርት ኃላፊ ነኝ። በሥሬ 34 ሠራተኞች አሉ። ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ስብሰባ ላይ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። የሃሳብ መስጫ ሣጥን ሰቀልኩ። ለምርጥ ሃሳብ 1,000 ብር ብዬም ለጠፍኩ። በሦስት ወር የገባው አራት ወረቀት ነው። ሁለቱ "ሰርቪስ ይዘገያል"፣ አንዱ "መብራት ያንሳል"፣ አንዱ ባዶ ወረቀት። ምን ባደርግ ይነቃቃሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብራት ያንሳል ላለህ ሰው ምን መለስክለት? ደብዳቤህ ላይ የለም። ለእኔ ዋናው ሃሳብ ያለው እዚያች ወረቀት ላይ ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሰፋ ሰው ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ዓይን ይደክማል፣ ስፌቱ ይጣመማል፣ የተሰፋው ተመልሶ ይተረተራል።

ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሳለሁ እኔም ይህንኑ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ኪስ የምትሰፋ ልጅ ነበረች። ከቆራጭ ክፍል የሚመጣላት ኪስ ሁሉ ፊቱ ወደ ታች ተደርድሮ ነው። አንድ በአንድ ትገለብጠዋለች፤ ያውም በቀን ስንት መቶ ጊዜ! ነገረችኝ። "እሺ፣ እናያለን" አልኳትና ረሳሁት። ሁለተኛ አላነሳችብኝም። ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ አጠገቧ ቆሜ እጇን አየሁት። ትገለብጣለች፣ ትሰፋለች፣ ትገለብጣለች። በጣም አፈርኩ። ቆራጩን ጠርቼ ማሽኗ አጠገብ አቆምኩት። ትንሽ አየና "እኔ'ኮ አላወቅኩም ነበር" አላት። በማግስቱ ኪሱ ሁሉ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ መጣ። አንድ ብር አላወጣንም። በዚያው ሳምንት ልጅቷ የመቀሱን ማስቀመጫ እንቀይር ብላ መጣች። ቀጥሎ ጎረቤቷ ሌላ ነገር ይዛ መጣች።

ካይዘን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ለእኛ አዲስ ቃል አይደለም፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ቶዮታ የሠራተኞቹን ሃሳብ በሥርዓት መቀበል የጀመረው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ገመዳቸው ነው። መኪና የሚገጣጥም ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ይጎትታል። የቡድን መሪው ወዲያው ይደርሳል። በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ሰውየው የሚጎትተው የሚደርስለት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ያንተ ሠራተኞች ሦስት ጊዜ ጎትተዋል።

ስለ ብሩ ደግሞ፣ ደሞዛቸው የማይበቃ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ከአለቆችህ ጋር ተነጋገርበት፤ ሽልማት አይተካውም። ከ34 ሰው አንዱን መሸለምም መኮራረፍ ያመጣል። አብረው ያሰቡት ይቀየማሉ።

ሰኞ ጠዋት ማሽን ሳይነሳ ሦስቱን ወረቀቶች ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ሰርቪሱን በተመለከተ የምትችለውን ተናገር፤ የማትችለውንም "አይሆንም፣ ምክንያቱ ይህ ነው" በላቸው። ከዚያ በ1,000 ብሩ አምፖል ግዛ። የትኛው ማሽን ላይ እንደሚጨልም እነሱ ያሳዩህ።