ስለ ሬጅኤክስ (በጽሑፍ ውስጥ የምንፈልገውን በምልክት የምንገልጽበት ዘዴ) የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ብርዱ ጋቢ አስደርቦኝ ቤት ተቀምጫለሁ። ወርውሩ።

ጥያቄ፦ እንዲህ የሚል መስመር አለኝ፦
«ደብረ ሲና»ን አልፈን «ሸዋ ሮቢት» ገባን
በጥቅስ ውስጥ ያሉትን ከተሞች ላውጣ ብዬ «.*» ብጽፍ፣ ከመጀመሪያው ጥቅስ እስከ መጨረሻው ጠቅልሎ አመጣው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ የኮከቧ (*) ነው፤ ስስታም ናት። ነጥብ (.) ማንኛውንም ፊደል ትቀበላለች። ኮከብ ደግሞ የቻልከውን ያህል ውሰድ ትላለች። ስለዚህ ሬጅኤክሱ የመጀመሪያዋን « እንዳገኘ እስከ መስመሩ ጫፍ ይሮጣል። እዚያ መዝጊያ የለም። ከዚያ የወሰደውን አንድ በአንድ እየለቀቀ ወደ ኋላ ይመለሳል፦ ን፣ ባ፣ ገ፣ ክፍት ቦታ፣ አሁን » ተገኘች! የሸዋ ሮቢት መዝጊያ ናት፤ እዚያው ያበቃል። የደብረ ሲናዋንማ ሲሮጥ ድሮ አልፏታል። «.*?» ብትል ስስቷ ይለቃታል። እኔ ግን «[^»]*» እወዳለሁ። "መዝጊያ ያልሆነውን ሁሉ" ማለት ስለሆነ፣ ልለፍ ቢልም መዝጊያዋን አያልፍም።

ጥያቄ፦ "ገብስ 40 ኩንታል" ላይ ቁጥሩን ላውጣ ብዬ [0-9]* (ከ0 እስከ 9 ያለ አኃዝ) ብጽፍ ባዶ መለሰልኝ። 40 አይታየውም እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ 40 ጋ መች ደረሰና! ፍለጋው ከግራ ይጀምራል። ለኮከብ ዜሮም ይበቃታል። ገ ፊት ቆሞ "ስንት ቁጥር አለ? ዜሮ። ተገኘ!" ብሎ ይጨርሳል። ወደ ቀኝ የፈለገው ይኑር፣ ከግራ ቀድሞ የተገኘ ያሸንፋል። ኮከቧን በ + ቀይሪያት፤ እሷ ቢያንስ አንድ ትፈልጋለች።

ጥያቄ፦ ደብረ|ደብረ ብርሃን (| "ወይም" ማለት ነው) ብዬ "ደብረ"ን ብቻ ያመጣል።

መልስ፦ የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ቀድሞ የተጻፈውን አማራጭ ነው የሚሞክሩት። ከሠራላቸው ሌላውን አያዩትም። ረጅሙን አስቀድም። ግሬፕ (ከትእዛዝ መስመር ጽሑፍ የሚፈልገው መሣሪያ) ላይ ግን ረጅሙ ነው የሚያሸንፈው። አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት መልስ፤ ያበሽቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የከተማችንን ስም አንዱ ብርሃን፣ አንዱ ብርሀን፣ አንዱ ደብረብርሃን ብሎ ይጽፋል። እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ እኔም አንዴ ሃን ብቻ ጽፌ ስንቱን አድራሻ ጥዬዋለሁ። ለኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሃ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። እንዲህ በለው፦
ደብረ ?ብር[ሀሃሐሓኀኃ]ን
ቅንፉ "ከነዚህ አንዱ" ማለት ነው። ከክፍት ቦታው ኋላ ያለችው ? ቦታው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም ትላለች። "ከደብረ ብርሃን" እና "የደብረ ብርሃን" ውስጥ ያለውንም ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊደል በሙሉስ?

መልስ፦ [ሀ-ፚ]። ከሀ እስከ ፚ ማለት ነው፤ ተራው የዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ነው። አራት ነጥብ ግን እዚህ ውስጥ የለም፤ ከፈለግከው ለብቻው ጨምረው።