«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ማለት ዝም በሉ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የምታገለግል የ16 ዓመት ልጅ አለች። አንድ ካህን ማታ ማታ በቴሌግራም የሚልክላትን መልእክት አሳየችኝ። አባት ለልጁ የሚጽፈው ዓይነት አይደለም። ከቅዳሴ በኋላም «ልምከርሽ» እያለ ለብቻዋ ያስቀራታል። ለአንድ ትልቅ ሰው ብነግራቸው «የቀባኋቸውን አትዳስሱ ተብሏል፤ የካህን ገመና አይወራም፤ ቤተ ክርስቲያንን ታሰድቢያለሽ» አሉኝ። ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይሆንብሽም። እኔ የምፈራልሽ ዝም ብትዪ ነው።

መጀመሪያ ያቺን ጥቅስ እንያት። መዝሙር 104 ላይ ናት። ከፍ ብለሽ ብታነቢ የምታወራው ስለ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው። በቁጥር ጥቂት ሆነው በሰው አገር ሲንከራተቱ እግዚአብሔር «እንዳትነኳቸው» ያለው ነገሥታቱን ነው። ጥቅሷ የቆመችው ጉልበት ለሌለው ነው ማለት ነው። አንቺ በነገርሽኝ ታሪክ ውስጥ ጉልበት የሌለው ማን ነው? ካህኑ ነው ወይስ ልጅቷ?

«ዳዊት እንኳ ሳኦልን አልነካም» የሚልሽም አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሳኦል የተቀባ ንጉሥ ስለ ነበር ዳዊት አልገደለውም። ግን የልብሱን ጫፍ ቆርጦ ከዋሻው ወጣና ከኋላው ተጣራ። ቁራጩን እያሳየ በደሉን ነገረው። ሳኦል ያን ቀን ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ ነበር። ዳዊት እጁን ሰበሰበ እንጂ አፉን አልዘጋም። ማስረጃም ይዞ ነበር፣ ልብ በዪ።

ስድቡንስ ማን አመጣው? የሊቀ ካህናቱ የዔሊ ልጆች ካህናት ነበሩ። ሎሌያቸው ሦስት ጣት ያለው ሜንጦ ይዞ እየመጣ ከሕዝቡ ድስት ሥጋ ያወጣ ነበር። እነሱ ደግሞ በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉ ሴቶች ጋር ይተኙ ነበር። ይህን ለዔሊ የነገረው ሕዝቡ ነው። እግዚአብሔር ሕዝቡን «ለምን አወራችሁ» አላለም። የተወቀሰው ዔሊ ነው። ሰምቷል፣ ተቆጥቷልም፤ ግን ከአገልግሎት አላነሣቸውም።

ዔሊን ስወቅስ እኔም አልቀርም። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ተመሳሳይ ነገር ይዛ መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ። «በጸሎት ያዢው» አልኳት። «እሺ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደብር አላየኋትም፣ ልጇንም።

«መጀመሪያ ራሷ ለብቻው ታናግረው፤ ማቴዎስ 18 እንዲህ ይላል» ካሉሽ አትስሚ። ያ ቃል ወንድም ወንድሙን ሲበድል ነው። ልጅን ወደምትፈራው ሰው መልሶ መላክ አይደለም። ጳውሎስ «ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል» ማለቱም ትክክል ነው፤ በሐሰት የሚከሰስ ካህን አለ፣ አይቻለሁ። ግን ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር «ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው» የሚል ነው። እሱን የሚጠቅስ ብዙም አይገኝም።

አሁን ወደ ሥራው። ከዛሬ ጀምሮ ለብቻዋ አትቅር፤ «ልምከርሽ» ሲላት አንቺም አብረሽ ቁጭ በዪ። መልእክቶቹን እንዳታጠፋቸው፤ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ ስክሪን ሾት ታንሣ። ከወላጆቿ ጋር ሆናችሁ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አስገቡ። ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ ማኅተም አስመቱ። በቃል የተነገረ ነገር በማግስቱ «ማን ነገረን?» ይባልበታል። ካልሰሟችሁ ወረዳ ቤተ ክህነት አለ፣ ከዚያም ሀገረ ስብከት።

ነክቷት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ደረጃ አትጠብቁ። ቀጥታ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ከ18 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ ጥምጥም አያስጥልም። «በሽምግልና እንጨርሰው» የሚል ከመጣም እንቢ በሉ።

ቲክቶክ ላይ ግን እንዳታወጡት። ካህኑን ለማዳን ብዬ አይደለም። የልጅቷ ስም አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

ደብዳቤውን መጻፍ ከከበዳችሁ ረቂቁን ላኪልኝ፤ ስሟን ሳትጽፊ። አየዋለሁ።