ፒያሳ ለገባሽው እህታችን፣ ሰፈር ከመቀየርሽ በፊት

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ሶስቴ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ በዝውውር ደሴ መጥተሽ ፒያሳ ጀርባ ቤት ተከራይተሽ ሶስተኛ ሳምንትሽ ነው፣ ለሊት በመኪናና በድምፅ ማጉያ እንቅልፍ አጥተሻል፣ ውሃ የለም፣ ጎረቤት ጥያቄ ያበዛል፣ ወደ ዳር ወጥቼ ፀጥ ያለ ቤት ልፈልግ ወይ ነው ያልሽው። እስካሁን የመለሱልሽ አብዛኞቹ ውጪ ብለውሻል፣ ጢጣ በኩል ሰፋ ያለ ቤት አለ ምናምን። እኔ ግን ትንሽ ቆይ ነው ምልሽ። እኔም በ2008 ህዳር ላይ ከደብረ ማርቆስ ሁለት ልጅ ይዤ ስገባ አንቺ ያልሽውን አንድ በአንድ ብያለሁ፣ አራት ወር ሙሉ ደግሞ ሳያስፈልግ ተሰቃይቻለሁ፣ አንቺ እንዳትደግሚው ነው ረዘም አድርጌ ምፅፍልሽ።

ከውሃው ልጀምር። የተከራየሁበት ግቢ አምስት ቤት ነበረበት፣ ቧንቧው ግቢው መሀል ነው። ጠዋት ከፍቼ አያለሁ ጠብ አይልም፣ ማታ ከስራ ስገባ አያለሁ የለም፣ በቃ ደሴ ውሃ የላትም ብዬ በጀሪካን ከሚያመላልሱ ልጆች መግዛት ጀመርኩ፣ ወር ሲያልቅ ስደምረው የውሃው ብር ወገቤን ነበር ሚቆርጠው። ጎረቤቶቼ ግን ልብስ ያጥባሉ፣ በርሜላቸው ሞልቷል። ከየት አመጣችሁት ብዬ እንዳልጠይቅ ከሰላምታ ያለፈ አላወራቸውም። ለካ ውሃው በፈረቃ ነው፣ ወደኛ መስመር ሚለቀቀው ብዙ ጊዜ ከለሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፣ ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ቀድማ የሰማችው ሴት ተነስታ የሁሉንም መስኮት እየመታች "ውሃ መጣ" ትላለች። የኔን ግን አትመታም። ኋላ ስንቀራረብ ለምን ብዬ ጠየቅኳት፣ "አንቺ ሰው አትፈልጊም ብለን ነዋ፣ እንዳንረብሽሽ" አለችኝ። ቂም የለው ምን የለው፣ በሙሉ ልቧ ነው ያለችኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሰው እንደማልፈልግ ያወቁት ደግሞ በቡና ነው። በገባሁ በማግስቱ አከራያችን ሀጃ ልጅ ልከው "ቡና ጠጪ ይሉሻል" ተባልኩ፣ እኔ "ጠጥቻለሁ አመሰግናለሁ በይልኝ" አልኩ። በሳምንቱም እንደዛ። ሶስተኛም። ማርቆስ ቡና ስለሌለ እኮ አይደለም፣ እዛ ግን ጎረቤቶቼን ከልጅነቴ ነው ማውቃቸው፣ እዚህ ማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ መቀመጥ ከበደኝ፣ ደግሞ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ግቢው አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ምን ልበል ምን ልተው ብዬ ፈራሁ። ይሄንን ፍርሀት ማንም አያነሳውም ግን ከሌላ አካባቢ ወሎ ሚመጣ ብዙ ሰው ያለበት ይመስለኛል። አንድ ቅዳሜ ሀጃ ራሳቸው ረከቦቱን በልጃቸው፣ ጀበናውን በእጃቸው ይዘው በሬ ላይ መጡ። "አንቺ ካልመጣሽ ቡናው ይመጣል" አሉና እዛው በረንዳዬ ላይ ከሰል አስቀምጠው አፈሉ፣ ሴቶቹም ዱካቸውን ይዘው እየመጡ ተቀመጡ። አቦል ቶና ተጠጥቶ በረካው ላይ ሲደርስ ዱዓ አደረጉ፣ የልጆቼን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ስማቸውን መቼ እንዳወቁት እንጃ። አሜን አልኩ። በዛው ሳምንት ማክሰኞ ለሊት መስኮቴ ተመታ።

ስለዚህ ቡና ስትጠሪ ሂጂ። ደክሞሽም ቢሆን አቦሏን ጠጥተሽ "ነገ ስራ አለብኝ፣ ልነሳ" ብለሽ አስፈቅደሽ ውጪ፣ ማንም ምንም አይልሽም። ዝም ብሎ መቅረት ነው ሚከፋው። ከዛ አንቺም ጥሪ፣ ቤቱ አልተስተካከለም መጋረጃ አልሰቀልኩም ብለሽ አታዘግዪው፣ እኔ ስጠራ ሶፋ እንኳ አልነበረኝም፣ ፍራሽ ላይ ነው የተቀመጡት። የቡና ቁርስ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ እነዚህ ለማንም ይሆናሉ። ስጋ ሚባል ነገር ግን ግቢው ሲቀላቀል አታቅርቢ፣ የእስላም የክርስቲያን ተብሎ እርዱ ለየብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እዚህ ደግሞ በዚህ ማንም አይቀየምም፣ ሰርግ ሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱንም አብሳዩንም ለይቶ ያዘጋጃል፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንደዛው። ምታውቂው ሰው ቤት በአል ሲሆን ሄደሽ እንኳን አደረሳችሁ ማለት ግን አትርሺ። ረመዳን ላይ ቀን ቡና አትጥሪ፣ ማታ ከፊጥራ በኋላ ነው ቡናው ሚደምቀው፣ በዛን ሰአት ፒያሳን ማየት አለብሽ፣ ሳምቡሳው ቴምሩ ሰው ሁሉ ውጪ ነው። መስከረም 21 ደግሞ ለጊሸን ማርያም የሚሄደው ምዕመን ከተማውን ያጥለቀልቀዋል፣ ቤትሽ ዘመድ ሚያድርበት ሊሆን ይችላልና ፍራሽ አዘጋጂ።

ጥያቄ ያበዛሉ ያልሽው እውነት ነው። የት ነሽ፣ አገርሽ የት ነው፣ ባልሽ የት ነው ሚሰራው፣ ስንት ወልደሻል፣ ለምን ሁለት ብቻ። እኔንም መጀመሪያ ምርመራ ነበር ሚመስለኝ። አሁን ሳየው ግን አዲስ ሰው ሲመጣ ከየት እንደሚያያይዙሽ እየፈለጉ ነው፣ ማርቆስ ነኝ ስል አንዷ እህቴ እዛ አግብታ ትኖራለች አለች፣ በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ "የእህቴ አገር ሰው" ሆንኩ። ሁሉንም መመለስ የለብሽም። ማትፈልጊውን "አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነን" ብለሽ ብታልፊው ይገባቸዋል። ደሞዝሽን አትናገሪ። ፖለቲካ ቡና ላይ አታንሺ፣ ከተማው በ2014 ያየውን አይቷል፣ ከጎንሽ የተቀመጠችው ማን እንደሞተባት አታውቂም። የሰማሽውን የአንዱን ቤት ነገር ሌላ ቤት ይዘሽ አትሂጂ። እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ፣ ክፉ ሳላስብ ነበር፣ ለማስታረቅ ሽማግሌ እስኪቀመጥ ደረሰ።

ቅሬ ግቢ። ቅሬ ማለት እናንተ እድር ምትሉት ነው፣ እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት አንድ ቅሬ ነው። ብዙ ተከራይ "ነገ ልለቅ እችላለሁ" ብሎ አይገባም፣ ይሄ ትልቅ ስህተት ነው። ብቻሽን ሄደሽ መዝግቡኝ ከምትዪ አከራይሽ ወይ የግቢሽ ትልቅ ሰው ይዞሽ ቢሄድ ይሻላል፣ መግቢያ አለው፣ ወርሀዊ መዋጮ አለው፣ ድንኳኑ ወንበሩ ድስቱ የጋራ ነው። አባቴ ሲያርፍ እኔ ማርቆስ ሄጄ ስመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሰው ተቀምጦ ነው የጠበቀኝ። አባቴን አንድም ቀን ያላዩ ሰዎች ናቸው። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ደግሞ ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በዛው ቀን ስለሆነ "ነገ እደርሳለሁ" አይሰራም፣ እንደሰማሽ ነጠላሽን ራስሽ ላይ ጣል አድርገሽ ሂጂ፣ ሴቶቹ ቤት ናቸው፣ ዝም ብለሽ አብረሽ ተቀመጪ፣ ምንም ማለት አይጠበቅብሽም።

ድምፁን በተመለከተ አልዋሽሽም፣ ፒያሳ ፀጥ አይልም። ከአዲስ አበባ ወደ ወልዲያና መቀሌ ሚሄደው ዋና መንገድ ከተማውን ሰንጥቆ ነው ሚያልፈው፣ የጭነት መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ያጓራል፣ ባጃጁ አለ፣ የሱብሂ አዛን አለ፣ የቅዳሴ ድምፅ አለ። አዛኑና ቅዳሴው ሁለት ሶስት ወር ሲሆን ጆሮሽ ይለምደዋል፣ እኔ አሁን አገር ቤት ስሄድ ዝምታው ነው ሚቀሰቅሰኝ። የመኪናውን ግን በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ሳሎን አድርጊና አልጋሽን ወደ ጓሮው ክፍል አዙሪ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀዪ፣ በጣም ይለያል። ሙዚቃ ሚከፍት ሱቅ ከሆነ ሚረብሽሽ ደግሞ ወደ ፅህፈት ቤት ለክስ አትሩጪ። ከኛ ግቢ በር ላይ አንድ ስፒከሩን ወደ መንገድ ያዞረ ነበር፣ እኔ ማመልከቻ ፅፌ ነበር፣ ሀጃ አይተው "ይሄንን አስቀምጪውማ" አሉኝና ለቅሬው ዳኛ ነገሩት፣ ዳኛው ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ከዛ ቀን በኋላ ከምሽቱ ሶስት ሰዓት ሲሆን ስፒከሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጁ እስከዛሬ ሰላም ይለኛል፣ ከስሼው ቢሆን ኖሮ በዛ ሰፈር ለዘጠኝ አመት እንዴት እወጣ እገባ ነበር?

አሁን ከምር መልቀቅ ሚያስፈልግበትን ምክንያት ልንገርሽ፣ እርጥበት ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መሀል ተዳፋት ላይ ናት፣ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ብዙ ቤት ጀርባው ቁልቁለቱ ተቆፍሮ ነው የተሰራው። የመጀመሪያ ቤቴ እንደዛ ነበር፣ ሲያከራዩኝ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ይመስላል፣ ክረምት ሲገባ የጀርባው ግድግዳ ላብ እንዳለው ሰው ይንጠባጠብ ጀመር፣ ልብስ ሻገተ፣ ትንሿ ልጄ ሳል አለቀቃትም። ቀለሙ ለምን እንደተቀባ ያኔ ነው የገባኝ። ስለዚህ ክረምት ሳይደርስ አልጋና ቁምሳጥን ከጀርባው ግድግዳ አንሺና በእጅሽ ዳብሺው፣ ከቤቱ ኋላ የጎርፍ መውረጃ ቦይ መኖሩንና አለመደፈኑን እዪ፣ ግድግዳውም ሆነ ግቢው መሬት ላይ እየሰፋ ሚሄድ ስንጥቅ ካለ ነገ ዛሬ አትበዪ፣ በክረምት መሬት ሚንሸራተትበት ከተማ ነው ያለሽው። እኔም በዚህ ምክንያት ቤት ቀየርኩ፣ ግን እዛው ሰፈር፣ ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ። ቤቱን ያገኘችልኝ ያቺ መስኮት ምትመታዋ ሴት ናት፣ ለደላላ ሳንቲም አልከፈልኩም። እናም ሰፈሩን ሳትለቂ ውስጥ ለውስጥ ቤት መቀየር ሚባል መንገድም አለ። ዳር ሰፈር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ብቻሽን ከሆንሽ ግን ማታ ከስራ ስትወጪ ባጃጅ ፍለጋው፣ ጎረቤቱ ገና ሚገነባ ግማሹ ባዶ ቤት ሲሆን፣ በምትጀምሪበት አመት ይከብዳል።

ሌሎቹ ትንንሽ ናቸው። ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ ካላመጣሽ አሁኑኑ አስልኪ፣ መታወቂያ ለማውጣት ይጠይቁሻል። ውሉን በፅሁፍ፣ ምስክር ያለበት አድርጊው፣ አከራይሽ የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ። ብርድ ልብስ ሁለት ያዢ። ብርዱ ሲያንገሸግሽሽ እሁድ ኮምቦልቻ ወርደሽ ፀሀይ ሙቂ፣ 25 ኪሎ ሜትር ነው ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሌላ አገር የገባሽ ነው ሚመስልሽ። ልጆች ካሉሽ የንጉስ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አሳዪያቸው፣ ስሙ ለምን አይጠየፍ እንደተባለ ጎረቤትሽን ጠይቂ፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ነው ሚነግርሽ፣ ቡና ላይ ጥሩ ጨዋታ ይሆናል።

ሮቶ ልግዛ ወይ ላልሽው፣ ዛሬ አትግዢ። መጀመሪያ የግቢሽን ሴቶች ውሃው በስንት ቀን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቂና ሁለት በርሜል ይዘሽ አንድ ወር እዪው። ጤፍና ድንች ሱቅ አትግዢ፣ ሰኞ ገበያው ሲቆም ከገበሬው ነው ሚገዛው። እኔ ሰኞ ሰኞ ከስራ በፊት በጠዋት ነው ምወርደው፣ ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝና አብረን እንውረድ፣ ከዛ እኛ ግቢ ቡና አለ።